ጅብ ለማደን ከብቱን መተው፦ ዱሊትል በ1944 የሰጠው ትእዛዝ ትክክል ነበር?

የጃንሜዳው
እሑድ፣ ምሽት 2፡40

ሰላም ለቤቱ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካው ጄኔራል ዱሊትል ለተዋጊ አብራሪዎቹ የሰጠው ትእዛዝ ሲከነክነኝ ከረመ፤ ዛሬ ልጻፈውና ወይ አስረዱኝ ወይ አብራችሁኝ ተናደዱ። ቀኖቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው።

እንግሊዝ አገር የሰፈረው የአሜሪካ 8ኛ አየር ኃይል በ1943 ጀርመንን በቀን ብርሃን ሲደበድብ አለቆቹ ቦንብ ጣዮቻችን ብዙም አጃቢ ተዋጊ አያስፈልጋቸውም ባዮች ነበሩ። አንድ ቢ-17 ቦንብ ጣይ አሥር ሰው ይጭናል፤ ከአፍንጫው እስከ ጭራው መትረየስ ነው። ብዙዎቹ ተጠጋግተውና ከላይ ከታች ተደራርበው ሲበሩ አንዱ የሌላውን ጎን ይሸፍናል፣ የሚጠጋን የለም ነው ነገሩ። ከዚያ ኦገስት 17 መጣ። 376 ቢ-17 ለሁለት ተከፍሎ ተላከ። አንዱ ክፍል ሬገንስቡርግ ያለውን የሜሰርሽሚት ተዋጊ አውሮፕላን ፋብሪካ መትቶ ወደ ሰሜን አፍሪካ እንዲሻገር፣ ሌላው የሽቫይንፈርትን የኩሽኔታ ፋብሪካዎች መትቶ ወደ እንግሊዝ እንዲመለስ። ተከታትለው ቢገቡ የጀርመን ተዋጊዎች ይከፋፈሉ ነበር። ጉም ወረደና ሁለተኛው ክፍል ሰዓታት ዘገየ። ጀርመኖቹ የመጀመሪያውን ተዋግተው አረፉ፣ ነዳጅና ጥይት ሞሉ፣ ተነሥተው ሁለተኛውን ጠበቁት። በአንድ ቀን 60 ቦንብ ጣይ ወደቀ።

ኦክቶበር 14 እንደገና ሽቫይንፈርት። 291 ሄደ፤ ሌላ 60 ቀረ። አምስት ከሄደ አንዱ አልተመለሰም ማለት ነው።

አሁን ወደ ጥያቄዬ። ጃንዋሪ 1944 ጄኔራል ጂሚ ዱሊትል አዛዥነቱን ይረከባል። በዚህ ጊዜ ሩቅ የሚሄድ አጃቢ እየተገኘ ነው፤ ሰዎቹ እፎይ ሊሉ ነው። ዱሊትል የተዋጊዎቹ አዛዥ ቢሮ ሲገባ ግድግዳው ላይ «የተዋጊዎቻችን የመጀመሪያ ግዳጅ ቦንብ ጣዮቹን በሕይወት መመለስ ነው» የሚል ጽሑፍ ያያል። አውርደው ይላል። በምትኩ የመጀመሪያው ግዳጅ የጀርመንን ተዋጊዎች ማጥፋት ነው የሚል እንዲሰቀል ያዛል። ይህን ራሱ ነው በኋላ የተረከው።

እኔ ገጠር ነው ያደግሁት። እረኛ ከብቱን ሜዳ ላይ ጥሎ ጅብ ላድን ብሎ ጫካ ቢገባ፣ ማታ ቤቱ የሚጠብቀውን አርጩሜ አውቃለሁ። ዱሊትልን ግን ጀግና አሉት። እንዴት ነው ነገሩ?

ቀበና ድልድይ
እሑድ፣ ምሽት 3፡05

የጅቧን ነገር ወድጃታለሁ። ግን ጅቡ ካለቀ ከብቱን ማን ይበላዋል?

የጃንሜዳው
እሑድ፣ ምሽት 3፡11

ጅቡ እስኪያልቅ ከብቱ ያልቃላ!

ጡረተኛው ቴክኒሻን
እሑድ፣ ምሽት 4፡30

ልጄ የጃንሜዳው፣ ቁጣህ ገብቶኛል። ግን ወሬውን ከመሃሉ ጀመርከው። እኔ አብራሪ አይደለሁም፤ ደብረ ዘይት ኤፍ-5 ሆድ ሥር በጀርባዬ ተኝቼ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ስለዚህ ስለ ጀግንነት ሌላው ያውራ፤ እኔ የማወራው ስለ ሰርባቶዮ ነው።

ካርታ ላይ የሚታየው ርቀት ሌላ፣ ታንክህ የሚሰጥህ ርቀት ሌላ። ለመነሣትና ከፍታ ለመያዝ ቀንስ። ለመመለሻ ቀንስ። አየሩ ቢበላሽ ሌላ ሜዳ ለመፈለግ ቀንስ። ከሁሉም በላይ ለውጊያ ቀንስ፤ አብራሪው ጋዙን እስከ ጫፍ ሲገፋው ሞተር ነዳጅ አይጠጣም፣ ይደፋዋል። ይህ ሁሉ ተቀንሶ በተረፈችው ጠብታ ነው የሚታጀበው። በ1943 መኸር ለአጃቢው የአሜሪካ ተዋጊ ለፒ-47 የምትተርፈው ጠብታ እስከ ጀርመን ድንበር ብቻ ታደርሰው ነበር። ኦክቶበር 14 ቀን አኸን አካባቢ ሲደርሱ ዞረው ተመለሱ፤ ጀርመኖቹም ይህን ስለሚያውቁ እስኪዞሩ ጠበቁ። ያን ቀን እረኛው ከብቱን ትቶ አልሄደም። ውሃው አልቆበት ነው የተመለሰው።

ታዲያ ምን ተለወጠ? አንደኛ፣ የሚጣል ታንክ። አብራሪው ነዳጁን ተጠቅሞ ውጊያ ሲመጣ ይጥለዋል። እንግሊዝ አገር ይሠራ የነበረው ባለ 108 ጋሎኑ ከምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ከወረቀት። በሙጫ የተደራረበና የጠነከረ ወረቀት። ነዳጅ ሞልተህ ካሳደርከው ያፈስሳል፤ ግን ማን ያሳድረዋል? ጠዋት ይሞላል፣ ቀን ላይ ይጣላል። ጀርመን እርሻ ላይ ቢወድቅ የሚለቀም ብረት የለው። ለአብራሪዎች ሐውልት ይቆማል፤ ለዚህ ታንክ ግን ማንም አላቆመም።

ሁለተኛ፣ ፒ-51 ሙስታንግ። አሜሪካኖች የሠሩት አካል፣ የእንግሊዞች ሜርሊን ሞተር። ክንፎቹ ውስጥ 184 ጋሎን ነበረው፤ ከአብራሪው መቀመጫ ኋላ ደግሞ 85 ጋሎን የሚይዝ ታንክ ጨመሩለት። አሁን ችግሩ ክብደቱ ወደ ኋላ ሸሸ። ጭነቷ ወደ ቂጧ የተንሸራተተ አህያ አይታችሁ ታውቁ የለ? እንደዚያ ነው፤ አፍንጫው መሬት አይይዝም፣ በኃይል ብታዞረው ከእጅህ ይወጣል። ስለዚህ ከተነሡ በኋላ ቶሎ የኋላውን ታንክ ነው የሚያቃጥሉት፤ ወደ 30 ጋሎን ገደማ ሲወርድ ወደ ውጪዎቹ ታንኮች ይቀይራሉ። የመጀመሪያውን አንድ ሰዓት ፓይለቱ የሚታገለው ከጠላት ጋር ሳይሆን ከገዛ ነዳጁ ጋር ነበር ማለት ነው።

ሦስተኛና የመጨረሻ። ማጀብ ማለት ጎን ለጎን መሄድ አይምሰልህ። ተዋጊው ፈጣን ነው፣ ጭነት ያለው ቦንብ ጣይ ዘገምተኛ ነው። አብሮት ለመቆየት እባብ እንደሚሄደው መጠማዘዝ አለበት፤ መጠማዘዙ ራሱ ነዳጅ ነው። ስለዚህ በቅብብሎሽ አደረጉት፦ ፒ-47 የመንገዱን መጀመሪያና መጨረሻ፣ ፒ-38 የሚባለው ሌላ ተዋጊና ፒ-51 ሩቁን። ተራውን የጨረሰ ቡድን ወደ ቤቱ ሲመለስ ነዳጅና ጥይት ተርፎት ከሆነ ዝቅ ብሎ ያገኘውን የጀርመን አየር ማረፊያ ይመታል። ዱሊትል ከብቱን ባዶ ሜዳ ላይ አልጣለም። እረኛው ከከብቱ ራቅ ብሎ ኮረብታው ላይ እንዲቆም ነው ያደረገው።

ዜድ ገርጂ
እሑድ፣ ምሽት 4፡52

ጋሼ እጅዎን ይባርከው። የአህያዋ ነገር ለፊዚክስ መምህሬ ይድረስልኝ 😂

አንድ የጅል ጥያቄ ልጠይቅ፦ ይህን ያህል ካለቁ ለምን ማታ አይሄዱም?

ቀበና ድልድይ
ሰኞ፣ ጠዋት 1፡20

ጅል ጥያቄ አይደለም። እንግሊዞች ማታ ነበር የሚሄዱት። ኦገስት 1941 ላይ የራሳቸው ሰዎች ፎቶግራፎቹን መርምረው ሪፖርት ጻፉ፤ ዒላማውን መታሁ ብሎ ከተመለሰው ሦስት አውሮፕላን ከዒላማው በአምስት ማይል ክልል ውስጥ የደረሰው አንዱ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ጨለማ እነሱን እንደሰወረ ሁሉ ፋብሪካውንም ሰወረው። ፋብሪካ ካልታየ የሚታየውን ምታ ተባለ፤ የሚታየው ደግሞ ከተማ ነው። ፌብሩዋሪ 1942 መመሪያው ወጣ፣ አርተር ሃሪስ የቦንብ ጣዮቹ አዛዥ ሆኖ ተሾመ፣ በጁላይ 1943 ሃምቡርግ በእሳት ማዕበል ነደደች። ሬዳር የሚያሳውር የብጥስጣሽ ፎይል ዝናብ የዘነበው ያኔ ነው።

ደግሞ ማታ መሄዱ ሰዎቹን አላዳናቸውም። ከ125,000 ገደማ የእንግሊዝ ቦንብ ጣይ ሠራተኞች 55,573 ሞተዋል። ከግማሽ ትንሽ ዝቅ ያለ ነው።

ሰብለ ከቩርዝቡርግ
ሰኞ፣ ቀን 7፡15

ብዙ ጊዜ አንባቢ ነኝ፤ ዛሬ ግን ሰፈሬ ተነሣ።

የምኖረው ከሽቫይንፈርት 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ባለችው ቩርዝቡርግ ነው፤ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ እሠራለሁ። ሽቫይንፈርት ዛሬም የኩሽኔታ ከተማ ናት፤ አበሾችም እዚያ ፋብሪካ የሚሠሩ አሉ። እናንተ «ዒላማ» ስትሉ እኔ የባቡር ጣቢያውን ነው የማስበው።

ቩርዝቡርግ ግን የኩሽኔታ ፋብሪካ አልነበራትም። ማርች 16 ቀን 1945 ማታ፣ ጦርነቱ ሊያልቅ ሁለት ወር ሲቀረው፣ እንግሊዞች መጡ። ሃያ ደቂቃ ገደማ ነው የፈጀባቸው። የመሃል ከተማው ወደ 90 በመቶው ወደመ፣ 5,000 ያህል ሰው ሞተ። በየዓመቱ በዚያ ቀን ማታ የከተማው ደወሎች በሙሉ ይደወላሉ። የመጀመሪያው ዓመት ላይ አላወቅሁም ነበርና የበዓል መስሎኝ አንዷን የማስታምማቸውን ባልቴት «ምን በዓል ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። እጄን ይዘው ዝም አሉ። እስኪያበቃ ድረስ አልለቀቁኝም።

ክርክሩን ለማቋረጥ አይደለም፤ ቀጥሉ። ግን ከብቱም ጅቡም ሰማይ ላይ ብቻ ነው ያላችሁት። ሣሩስ?

የጃንሜዳው
ሰኞ፣ ቀን 7፡48

ሰብልዬ ልክ ነሽ። ርዕሴን ሳስብ ስለ አብራሪዎቹ ብቻ ነበር ያሰብኩት። ይቅርታ ማለት ይገባኝ እንደሆነ አላውቅም፤ ግን ይቅርታ።

ቁጥር አይዋሽም
ሰኞ፣ ምሽት 1፡30

ሰብለ ያነሣችው ከባድ ነው፤ እኔ የምመልሰው አይደለም። ወደ ዋናው ጥያቄ ልመለስ፤ እስካሁን ማንም ያልነካው ነገር አለ።

ሰው ሁሉ ቦንብ ፋብሪካ ላይ ስለወደቀ ጀርመን አውሮፕላን አለቀባት ብሎ ያስባል። ተቃራኒው ነው። ጀርመን በ1943 የሠራችው አውሮፕላን 25,000 ገደማ ነው። ቦንቡ በበረታበት በ1944 ወደ 40,000 ሠራች። ፋብሪካውን በታተኑት፣ ወደ ጫካና ወደ ዋሻ አስገቡት። ኩሽኔታውም እንደዚያው፤ ከክምችት ተጠቀሙ፣ ከስዊድን ገዙ፣ ማሽኑን አጓጓዙ። አሜሪካኖች ደግሞ ከኦክቶበሩ እልቂት በኋላ እስከ ፌብሩዋሪ ድረስ አልተመለሱባቸውም። አንድን ቁስል መትተህ አራት ወር ከተውከው ይሽራል። ከጦርነቱ በኋላ አሜሪካኖች ራሳቸው ሲቆጥሩ፣ ነጥሎ መምቻ ተብሎ ከተጣለው ቦንብ ዒላማው ክልል ውስጥ የወደቀው 20 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበር። ክልል የሚሉት ደግሞ 1,000 ጫማ ራዲየስ ያለው ክብ ነው፤ መስቀል አደባባይን አስባችሁ አስፉት።

ታዲያ ጀርመን ምን አለቀባት? ሰው። አውሮፕላኑን የሚያበር ሰው።

ከፌብሩዋሪ 20 እስከ 25 ቀን 1944 የአውሮፕላን ፋብሪካዎችን በተከታታይ መቱ፤ «ትልቁ ሳምንት» ይሉታል። አሜሪካኖች ከ220 በላይ ከባድ ቦንብ ጣይ አጡ፤ ያ ለእነሱ የሚተካ ነበር። ጀርመኖቹ ግን ፋብሪካቸውን ለመከላከል መነሣት ነበረባቸው፤ ሲነሡ ሙስታንግና ፒ-47 ከላይ ይጠብቃቸዋል። የጀርመን ተዋጊዎች አለቃ አዶልፍ ጋላንድ ኤፕሪል ላይ ለበላዮቹ ሲጽፍ በአራት ወር ውስጥ ከ1,000 በላይ የቀን ተዋጊ አብራሪ አጥተናል ብሏል። ሥራ የለመዱት፣ ቡድን የሚመሩት ናቸው ያለቁት። የሚተኩት ልጆች የበረራ ሰዓታቸው ከአሜሪካኑ ግማሽ እንኳ አይሞላም።

የጃንሜዳው፣ ጎምዛዛውን ልንገርህ፦ ፋብሪካው ዒላማ ብቻ አልነበረም፣ ማጥመጃም ነበር። ቦንብ ጣዮቹ የሚሄዱት ጀርመን ዝም ብላ ልታሳልፈው ወደማትችለው ነገር ነው። ያንተ ከብት ሜዳ የወጣው ለግጦሽ ሳይሆን ጅቡን ከዋሻው ለማስወጣት ነው።

የጃንሜዳው
ሰኞ፣ ምሽት 2፡02

አየህ? እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው! ማጥመጃ አደረጓቸው። ልዩነታችን አንተ ስትናገረው ስትራቴጂ ይሆናል፣ እኔ ስናገረው ክህደት ይሆናል።

ማርች 6 በርሊን ላይ 69 ቦንብ ጣይ ወደቀ። አጃቢ እያለ! ሁሉም አልሞቱም፣ ብዙው በጃንጥላ ወርዶ ተማርኳል፤ ቢሆንም 690 ሰው ነው። እነዚያ ልጆች 25 ግዳጅ ከጨረሳችሁ አገራችሁ ትገባላችሁ ተብለው ነበር። በእያንዳንዱ ግዳጅ ከመቶ አምስቱ ቢቀር 25ኛው ላይ ከመቶ የሚተርፈው 28 ገደማ ነው፤ ካልኩሌተር አውጡና አባዙት። ዱሊትል ይህን ቁጥር ደግሞ ወደ 30 ከፍ አደረገው፤ በኋላም 35 ሆነ።

ደግሞ ሌላ መንገድ ነበር። የተስኪጊ አብራሪዎችስ? ጥቁር አሜሪካውያኑ፣ ጭራቸውን ቀይ የቀቡት። አዛዣቸው ቤንጃሚን ዴቪስ ከቦንብ ጣዩ አትራቁ፣ ለሜዳሊያ ብላችሁ ጠላት አታባርሩ ብሎ አጥብቆ ይዟቸዋል። አንድም ቦንብ ጣይ አላስነኩም ይባላል። እረኛ ማለት እሱ ነው።

ቁጥር አይዋሽም
ሰኞ፣ ምሽት 2፡25

«አንድም» የሚለው ተረት ነው። የአየር ኃይሉ የራሱ ታሪክ አጥኚዎች መዝገቡን ሲያገላብጡ እነሱ ሲያጅቡ በጠላት ተዋጊ የወደቀ 27 ቦንብ ጣይ ተገኝቷል። ይህ ደግሞ ሊያኮራ እንጂ ሊያሳፍር አይገባም፤ በዚያው በ15ኛ አየር ኃይል ውስጥ የነበሩት የሌሎቹ የፒ-51 ቡድኖች አማካይ 46 ነው። ጥሩ እረኞች ነበሩ፤ ተረት አያስፈልጋቸውም።

ግን ጊዜውን እይ። እነሱ ከጣሊያን ተነሥተው ሙስታንግ ይዘው ማጀብ የጀመሩት ጁላይ 1944 ነው። በዚያን ጊዜ የጀርመን ሰማይ የፌብሩዋሪው ሰማይ አልነበረም። ዴቪስ ከብቱ አጠገብ መቆም የቻለው ጅቡ አስቀድሞ በሌላ ስለሳሳ ጭምር ነው። ይህን ስል የእነሱን ሥራ እያሳነስኩ እንዳይመስልህ።

ዜድ ገርጂ
ሰኞ፣ ምሽት 2፡40

ተስኪጊ ካላችሁ አይቀር ኮሎኔል ጆን ሮቢንሰንን አትርሱት! ተስኪጊ የተማረ፣ ትምህርት ቤቱ በረራ ማስተማር እንዲጀምር የወተወተ ሰው ነው። በ1935 አዲስ አበባ መጥቶ የጃንሆይን ትንሽዬ አየር ኃይል የመራው እሱ ነው፤ ትጥቅ በሌላቸው ጥቂት አውሮፕላኖች መልእክትና መድኃኒት እያመላለሰ። በ1944 ተመልሶ የእኛን ልጆች ማብረር አስተማረ፣ በ1954 እዚሁ በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። አዲስ አበባ ነው የተቀበረው።

ወሎዬው
ሰኞ፣ ምሽት 3፡00

እንግዲህ 1935 ከተነሣ ደሴን የሚያነሣ ጠፋ? ዲሴምበር 6 ጣሊያን ደሴን ሲደበድብ ጃንሆይ እዚያው ነበሩ፤ ፀረ አውሮፕላን ላይ ቆመው ሲተኩሱ የተነሡት ፎቶ አለ። የቀይ መስቀል ድንኳን እንኳ አልተረፈም። በኋላ ደግሞ የሰናፍጭ ጋዝ። አያቴ «ዝናብ መስሎን ወጣን» ይሉ ነበር። እናንተ ስለ ፈረንጅ አጃቢ ትጨቃጨቃላችሁ።

ቀበና ድልድይ
ሰኞ፣ ምሽት 3፡04

ወንድሜ፣ ያማል፤ ግን ለእሱ ሌላ ክር ክፈት። ርዕሱ ጀርመን ነው።

ጡረተኛው ቴክኒሻን
ሰኞ፣ ምሽት 4፡10

አይ፣ ወሎዬው ከርዕስ አልወጣም። እንዲያውም የነገሩ ሥር እዚያ ነው።

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ዱኤ የሚባል የጣሊያን ጄኔራል ነበር። የሚመጣውን ጦርነት ቦንብ ጣይ ብቻውን ይጨርሰዋል፣ ከተማውን ሲያነድደው ሕዝቡ ራሱ መንግሥቱን እጅህን ስጥ ይለዋል ብሎ አስተማረ። የእንግሊዙ ፖለቲከኛ ቦልድዊን በ1932 ፓርላማ ቆሞ ቦንብ ጣይ ምንጊዜም ሰብሮ ያልፋል አለ። አሜሪካኖቹም ቢ-17ን ያለ አጃቢ የላኩት የዚሁ እምነት ልጆች ስለሆኑ ነው። ጣሊያን እኛ አገር ሲመጣ ሐሳቡ ልክ መሰለ፤ ምክንያቱም ሰማይ ላይ የጠበቀው ተዋጊ አልነበረም። ባዶ ሰማይ ላይ ማንም ቦንብ ጣይ ሰብሮ ያልፋል። ዱኤ የረሳው ተዋጊን ነው። ሽቫይንፈርትና ሬገንስቡርግ ሲመቱ የወደቁት 120 አውሮፕላኖች የዚያች የመርሳት ዋጋ ናቸው።

የጃንሜዳው ልጄ፣ አሁን ወደ አንተ። ያንተን ሐሳብ የሞከረው ሰው አለ። ስሙ ኸርማን ጎሪንግ ይባላል፤ የጀርመን አየር ኃይል አለቃ።

በ1940 ጀርመን እንግሊዝን ስትደበድብ ቦንብ ጣዮቹ ብዙ ሲወድቁ አጉረመረሙ። ጎሪንግም ተዋጊዎቹን ከቦንብ ጣዩ አጠገብ እንዳትርቁ ብሎ አሰራቸው። ሜሰርሽሚት 109 ለንደን ላይ የሚቆይበት ነዳጅ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ነው፤ እሷንም እየተጠማዘዘና ፍጥነቱን ገድሎ ጨረሳት። ተዋጊ ፍጥነትና ከፍታ ከሌለው ገብያ ውስጥ እንደታሰረ ፈረስ ነው። አብራሪዎቹ ጮኹ፤ አልሰማቸውም። ከብቱም አልዳነ፣ እረኛውም አለቀ።

ከዚያ ደግሞ በ1944 ተገልብጦ ሌላውን ስሕተት ሠራ። የአሜሪካ ተዋጊዎችን ተዉአቸው፣ ቦንብ ጣዩን ብቻ ምቱ አለ። ቦንብ ጣይን ለመጣል ከባድ መድፍና ብረት ልበስ መጫን አለብህ፤ ከባድ የጫነ ፎከ-ቩልፍ የሚባለው ተዋጊያቸው ደግሞ ለሙስታንግ ቀለብ ነው። ባለ ሁለት ሞተሮቹ፣ ኦክቶበር ላይ ከመትረየስ ክልል ውጪ ሆነው ሮኬት ሲተኩሱ የነበሩት፣ አጃቢ ከመጣ በኋላ ብቅ ማለት አልቻሉም። በመጨረሻ ቦንብ ጣይ አጥቂውን ተዋጊ የሚያጅብ ሌላ ተዋጊ መመደብ ጀመሩ። አስቡት፤ ጅብ እረኛ ሲቀጥር።

ዜድ ገርጂ
ሰኞ፣ ምሽት 4፡15

ጅብ እረኛ ሲቀጥር 😂😂 ጋሼ ገደሉን

ቁጥር አይዋሽም
ሰኞ፣ ምሽት 4፡41

የጋሼን ሐሳብ ልጨርሰውና ልተኛ። ማጥመጃው ነዳጅ ሲሆን ነው ነገሩ የተዘጋው። ሜይ 12 ቀን 1944 ሎይናንና ሌሎቹን ከድንጋይ ከሰል ነዳጅ የሚሠሩ ፋብሪካዎች መቱ። የአሜሪካ ቦንብ ጣዮች የበላይ አዛዥ ጄኔራል ስፓትስ ለዚህ ብዙ ተሟግቷል፤ ሌሎቹ የአጋሮቹ ጦር ፈረንሳይ ኖርማንዲ ላይ ከመውረዱ በፊት ባቡርና ድልድይ ይቅደም ይሉ ነበር፣ በአብዛኛውም እነሱ ናቸው ያሸነፉት። ስፓትስ ግን ጎን ለጎን ነዳጁን አስገባው። ውጤቱን እዩ፦ ከእነዚህ ፋብሪካዎች የሚወጣው የአውሮፕላን ቤንዚን ኤፕሪል ላይ በወር 175,000 ቶን ነበር። ሴፕቴምበር ላይ 5,000።

ቤንዚን ከሌለ ልጆቹ አይሠለጥኑም፤ ያልሠለጠነ ሲነሣ ይወድቃል፤ ሲወድቅ ፋብሪካውን የሚከላከል ይጠፋል፤ ፋብሪካው እንደገና ይመታል። ያ ሁሉ የ1944 አዲስ አውሮፕላን ጫካ ዳር ቆሞ ነዳጅ ሲጠብቅ ከረመ። ጁን 6 ቀን ኖርማንዲ ላይ አጋሮቹ ከ10,000 በላይ በረራ ሲያደርጉ ጀርመን ያደረገችው ጥቂት መቶ ነው። የባሕሩ ዳርቻ ላይ የወረደው ወታደር ቀና ብሎ የጀርመን አውሮፕላን ፈልጎ ያጣው በማን ደም እንደሆነ አንተ ራስህ በርሊን ላይ ቆጥረኸዋል።

የጃንሜዳው
ማክሰኞ፣ ጠዋት 12፡50

ሌሊቱን ሳስበው አደርኩ። ጎሪንግ የሚለው ስም ከእኔ ሐሳብ ጎን ሲቀመጥ እንቅልፍ አይወስድም፤ ጋሼ አውቀው ነው ያደረጉት።

እሺ። ትእዛዙ ትክክል ነበር። ተዋጊ ቦንብ ጣዩ ላይ ተጣብቆ ማንንም አያድንም፤ ለንደን ላይ ታይቷል። በትክክለኛው ዒላማ ካልታገዘ ደግሞ ብቻውን አይበቃም ነበር።

አንድ ነገር ግን አልለቅም። በቢ-17 ሆድ ሥር፣ መስታወት ኳስ ውስጥ ጉልበቱን ታቅፎ የተቀመጠው ተኳሽ፣ ጃንጥላው እንኳ አብሮት ስለማይገባ ውጪ ትቶት የገባው፣ ያን ቀን አጃቢዎቹ ከዓይኑ ሲርቁ ማጥመጃ መሆኑን የነገረው ሰው ነበር? ማወቅ ነበረበት ባይ ነኝ።

ጡረተኛው ቴክኒሻን
ማክሰኞ፣ ጠዋት 2፡30

ይህን አልከራከርህም። የቦንብ ጣይ ሠራተኞቹ ትእዛዙን ሲሰሙ አልወደዱትም፤ ዱሊትል ራሱ አዛዦቻቸው መጥተው ነፍሰ ገዳይ እንዳሉት ተናግሯል።

ለተዋጊዎቹም ግን እንዝን። ዝቅ ብለህ አየር ማረፊያ ምታ የሚለው ትእዛዝ ብዙ ጎበዝ በልቷል፤ ፀረ አውሮፕላኑ ከሰማይ ውጊያው ይከፋ ነበር። የአሜሪካው ተዋጊ አብራሪ ጋብሬስኪ፣ 28 የጀርመን አውሮፕላን የጣለ፣ እሱን ግን ማንም ያልጣለው ሰው፣ ጁላይ 20 ቀን 1944 የጠላት ሜዳ ላይ በጣም ዝቅ ብሎ ሲተኩስ ኤሊካው መሬት ነካ። ጥይት አይደለም የጣለው፣ መሬት ነው። በሆዱ አሳረፈው፣ ተማረከ። እኔ ብሆን ያን ኤሊካ ግድግዳዬ ላይ እሰቅለው ነበር።

ሰብለ ከቩርዝቡርግ
ማክሰኞ፣ ቀን 8፡05

ከሥራ ስወጣ ነው ያነበብኩት። ለአንዲት ሌላ አረጋዊት የናንተን ክርክር በጀርመንኛ አሳጥሬ ነገርኳቸው። ልጅ እያሉ ሽቫይንፈርት ነበሩ። ጅብ ምን እንደሆነ ለማስረዳት ብዙ ጊዜ ፈጀብኝ። ስጨርስ «የወረቀቱ ታንክ እኛ ማሳ ላይ ወድቆ ነበር፣ እናቴ ባልዲ አደረገችው» አሉኝ። ጋሼ፣ ይቻላል?

ጡረተኛው ቴክኒሻን
ማክሰኞ፣ ቀን 8፡40

ለጥቂት ሰዓት ብቻ ነው ነዳጅ እንዲይዝ የተሠራው። ውሃ ግን ለምን አይይዝም፤ ሁለት ላይ ቆርጠሽ ቀለም ብትቀቢው ይከርማል። እናትየዋ ብልህ ናቸው።

የጃንሜዳው
ማክሰኞ፣ ምሽት 1፡15

አስተዳዳሪ፣ ርዕሱን መቀየር ይቻላል? የጥያቄ ምልክቷን ላወጣት ፈልጌ ነበር።

አስተዳዳሪ
ማክሰኞ፣ ምሽት 1፡22

ከ24 ሰዓት በኋላ አይቻልም።